ስንት ሰው ለደቦ፣ ስንት ሒሳብ ለኢኮኖሚክስ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰፈሬ ከኒውላንድ

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ቅጽ። ሰኞ ካስገባሁት ኢኮኖሚክስን ተሰናበትኩ ማለት ነው። ካልኩለስን በጭንቅ አልፌ ሊኒየር አልጀብራ ሲመጣብኝ፣ «ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለምኔ ነው?» ብዬ ተናደድኩ። ከመፈረሜ በፊት ግን ሃይስኩል ሒሳብ ያስተማሩኝን፣ አሁን ጡረታ ወጥተው አቦቦ ወረዳ የሚያርሱትን ቲቸር ደምሴን ልጠይቅ ተነሳሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የማንጎ ጆንያዋን እግሬ ላይ ጫነችው። ስንወርድ በሁለት ማንጎ ካሰችኝ።

አቦቦ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ቲቸርን በቆሎ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ሳቁ።

«እሱ ይቆይ፣ አሪየት። ሐሙስ የአረም ደቦ አለብኝ። ስንት ሰው ልጥራ?»

ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው መጥቶ ምን ያህል እንደታረመ ነገሩኝ። ሰው ሲበዛ እርስ በርስ ይጋፋል። የነበረኝ ወረቀት ቅጹ ብቻ ነው። ጀርባውን ገልብጬ ኩርባውን ሳልኩ፣ ሥራው ጣሪያ የሚነካበትን ቁጥር ለማግኘት ዴሪቬቲቩን አውጥቼ ከዜሮ ጋር አስተካከልኩ።

«ሃያ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ የተቀቀለ በቆሎ ይዘው ብቅ አሉ። «ወይ ጉዴ! ሃያውን ማን ሊያበላ ነው? አንቺ?»

ክው አልኩ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኜ ወጪውን ልርሳ! የእያንዳንዱን ሰው ምሳ አስገብቼ እንደገና ሠራሁት፤ አስራ ሦስት ወጣ።

«ድስቴም ከዚያ አያልፍም» አሉ እትዬ ስንዱ።

«አየሽ፣ ሒሳቡ አላቃተሽም፤ የዘነጋሽው ኢኮኖሚክሱን ነው» አሉ ቲቸር። «ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስ፦ እነዚህን አጥብቀሽ ያዢ። ረጃጅሙን የቲዎረም ማረጋገጫ ማስተርስ ስታስቢ ትጨምሪያለሽ። ሒሳብም እንደ ደቦው ነው፤ ሃያውን ሁሉ አትጥሪ፤ አስራ ሦስት ሳይደርስ ስምንት ላይም አታቁሚ።»

ማታ፣ ቤት

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቅጹን ፈረምሽ?»

አውጥቼ አሳየኋት፤ ጀርባው በቁጥር ተሞልቷል፣ በቆሎ የበላሁበት እጄም ታትሞበታል። «እማ፣ ይሄንን ማን ይቀበለኛል?»

ሌላ ቅጽ ማምጣት እችል ነበር። አላመጣሁም። ሰኞ ሊኒየር አልጀብራ ክፍል የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ቲቸር ደወሉ። «አስራ ሦስት ሰው መጣ፤ አረሙም አለቀ፣ ምሳውም ለሁሉም ደረሰ።»

ብቻዬን እልል አልኩ።