ከቁርስ በፊት መነገር ያለበት ዋጋ

ተናኘ አጋሮ ከተማ እስክትደርስ ድረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ስታጠና ነበር። «ሐጂ፣ በስልክ የነገርኩዎት የፎቶውን ዋጋ ብቻ ነው፤ የመንገድና የዝግጅት ለብቻው ነው።» ድምፅ አውጥታ ስትሞክረው ሾፌሩ ጎሳዬ በመስታወቱ አያት።

«እኔን ነው?»

«አይ፣ ለራሴ ነው።»

ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ስቱዲዮዋ ለዓመታት በጉርድ ፎቶ ሲተዳደር ኖሯል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ መብራቱ እንደተተከለ ነው፣ ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቡና ነጋዴዎች ለውጭ ገዢ የሚያሳዩት ፎቶ መፈለግ ሲጀምሩ ግን ሥራው ከቤት ወጣ። መንገዱ፣ መብራት መትከሉ፣ ደመና እስኪያልፍ መጠበቁ ግድግዳው ላይ አልተጻፈም። ባለፈው ወር ሊሙ ሄዳ ቀኑን ሙሉ ሠርታ የተከፈላት ገንዘብ የኮንትራት መኪናውን እንኳ አልሸፈነም። ተጨማሪ ያልጠየቀችው ረስታ አልነበረም፤ ገና ከመኪና ስትወርድ አብልተዋት ነበር። ከሰው ማዕድ ተነሥቶ «የመጣሁበትን ክፈሉኝ» ማለት ከአንደበቷ አልወጣም። ዛሬም እንደዚያ ከሆነ የስቱዲዮውን ኪራይ አትችልም፤ በሩ ይዘጋል።

የአጋሮው ቡና ነጋዴ ሐጂ ሙርሺድ ሲደውሉ መናገር ትችል ነበር። ሥራው እንዳያመልጣት ፈርታ «የቀረውን እዚያው እንነጋገራለን» ብላ ዘጋች።

ሐጂ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቡና ማድረቂያቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። በረንዳው ላይ ባለቤታቸው ዙሀራ ማርና ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ በትሪ ይዘው ብቅ አሉ።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ! መንገድ ያደክማል፣ መጀመሪያ ቅመሺ።»

ያጠናችው ዓረፍተ ነገር ጠፋባት። «ጾም ነኝ» አለች።

ዙሀራ ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። «በማክሰኞ? ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖች ናቸው ልጄ፤ ረቡዕና ዓርባችሁን ከእናንተ እኩል ነው የማውቀው።»

«የስለት ነው።»

«እህ፣ ስለት ከሆነ…» ወዲያው ትሪውን ከደኑት፤ ማንም ፊቷ እንዳይበላ ብለውም ወደ ጓዳ መለሱት። ጎሳዬ እጁን ታጥቦ ነበር። ትሪው ሲገባ በዓይኑ ሸኘው።

የተናኘ ፊት ነደደ። ከዚህ በኋላ ዝም ካለች ውሸቷም ከንቱ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ተናገረችው፤ መኪናው ውስጥ ካለችው ይልቅ ፈጥኖና ቀጥኖ ወጣ።

ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «መንገዱስ ይሁን። ዝግጅት ያልሽው ምንድን ነው?»

«መብራት መትከል፣ ቦታ መምረጥ፣ ደመናው እስኪያልፍ መቆየት።»

«ያ ረቢ! ለደመናም ይከፈላል?» አጠገባቸው ባለው ማድረቂያ አልጋ ላይ እሸት ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሳቁ። «የአጋሮው ፎቶ አንሺ ስለ ደመና ጠይቆኝ አያውቅም።»

«እሱ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ከደመነ ነገ ይመለሳል። እኔ ነገ የለኝም፣ ሐጂ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ደምኗል። የተናኘ እጅ የካሜራውን ቦርሳ ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ቡናዬን የሚጭኑልኝ ሾፌሮች ተራ ሲጠብቁ ለቆሙበት ያስከፍሉኛል» አሉ በመጨረሻ። «ያንቺም እንደነሱ ይሁን። ግን ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እነሱ በልተው ነው የሚጠይቁኝ።»

ስለ ስለቱ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ እሷም ልታፈርሰው አልደፈረችም። ደመናው እስከ ቀትር አልተገለጠም። ሲገለጥ በረሃብ ካሜራውን አጽንታ መያዝ ተስኗት ነበርና እያንዳንዱን ፎቶ ደብዝዞ እንደሆነ እያጎላች ታይ ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ዙሀራ ትኩስ ምግብ በጨርቅ ቋጥረው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «ስለትሽ ሲፈታ።»

መኪናው ዋናው መንገድ ላይ እንደወጣ ጎሳዬ ጠየቃት፦ «እህቴ፣ እኔም ተስዬ ነው እንዴ?»

ቋጠሮውን ሳትፈታ ሰጠችው። መንገድ ዳር አቁሞ ሲበላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ፤ ቁጥሩን አታውቀውም።

«የቡና ፎቶ ታነሺያለሽ አሉ» አለ አንድ የማታውቀው ሰው። «ዋጋሽ ስንት ነው?»

«እዚያው እንነጋገራለን» የሚለው ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«መጀመሪያ የት እንደሆነ ይንገሩኝ» አለች። መልሱን ስትጠብቅ እጇ እንደገና ዚፑ ላይ ነበር።