ያልታጠቡት ዶቃዎች

ችግሩን መናገር ቀላል ነው። ከጨጓራ ጀርባ በተጋደመው ቆሽት ውስጥ፣ በደም ያለውን ስኳር እየለኩ ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የያዘው ሰው ሰውነት እነዚህን የራሱን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ይፈጃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮ በመርፌ ነው። ጤነኛ ሕዋሳት አምጥቶ መትከል ይቻላል፤ ግን ሰውነት እነዚያንም አይምራቸውም። እንዳይነካቸው በመድኃኒት ቢያደክሙት ደግሞ ሌላውን በሽታ ሁሉ የሚመክትበት ጉልበት ያጣል። ታዲያ ሕዋሳቱን ከገዛ ባለቤታቸው እንዴት ይደብቋቸዋል?

ታላቅየዋ ወደዚህ ጥያቄ የገባችው በእልህ ነው። ታናሽ እህቷ የታመመችው ገና ፊደል ሳትለይ ነበር። የክፍል ልጆች «መርፌ» የሚል ስም አወጡላት፤ እሷም ስሙን ተቀብላ ምላሷን በልኩ ሳለችው። እናታቸው እንኳ በእውነተኛ ስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም አምስት ዓመት ታገሡ፣ ፈውስ ይገኛል ብሏቸው ነበር። አምስቱ ዓመት ሲሞላ ሌላ ሐኪም ሌላ አምስት ጨመረ። ከዚያ በኋላ መርፌ ሳህን የማጠብ ተራዋ በደረሰ ቁጥር «አምስት ዓመት ታገሡኝ» ማለት ጀመረች። ቤቱ ይስቃል። ታላቅየዋ ግን አትስቅም፤ ጥርሷን ነክሳ ትማራለች።

ተምራ የደረሰችበት ቤተ ሙከራ ጠባብ ነው፤ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ያጉረመርማል። የሚሠሩበት ነገር ግን ለማየት ደስ ይላል። ከባሕር አረም የሚወጣ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ከሕዋሳት ጋር ይደባለቅና ከቀጭን ቱቦ ጫፍ ጠብ ይላል፤ ካልሲየም ያለበት ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ወዲያው ይረጋል። ጥርት ያለች ክብ ነገር ትሆናለች። የቤቱ ሰዎች «ዶቃ» ይሏታል። ሥራዋ እንደ አጎበር ነው፤ አጎበር ነፋስ ያስገባል፣ ትንኝ አያስገባም። ዶቃዋም አየርና ስኳር ታስገባለች፣ ኢንሱሊን ታስወጣለች፣ የሰውነትን ወታደሮች ግን በር ላይ ታስቀራለች።

ዶቃዎቹ አይጥ ሆድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከወራት በኋላ ይወጡና በጨው ውሃ ይታጠባሉ፣ በወንፊት ያልፋሉ፣ ከዚያ ፎቶ ይነሳሉ። እዚያ ቤት ሳይታጠብ ማጉያ መነጽር ሥር የሚገባ ነገር የለም፤ ደም መስታወቱን ያበላሻል። ፎቶዎቹ እንደ ጠዋት ጤዛ የጠሩ ነበሩ። የቤቱ ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ በእነሱ ተማምነው በሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ አገኙ።

አንድ ቀን ማጠቢያው ማሽን ተበላሸ። ታላቅየዋ መጠበቅ ሰልችቷት ዶቃዎቹን እንዳሉ አየቻቸው። አብዛኞቹ ነጭ ካባ ለብሰዋል፤ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ሰውነት ወደ አጎበሩ መግባት ቢያቅተው ከላዩ ጭቃ መርጎበት ነበር፤ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ታፍነው ሞተዋል። እስከዛሬ የተጣበቁት ወንፊት ላይ ሲቀሩ «ሲወጡ የተበላሹ» እየተባሉ ይጣሉ ነበር። በወንፊቱ አልፈው ፎቶ የሚነሱት ካባ ያልደረቡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። እሷም እንደ ሰው ሁሉ ስታጥብና ስትጥል ኖራለች።

ያን ምሽት እራት ላይ መርፌ ለሙከራው መመዝገቧን ተናገረች። እናታቸው ወሬውን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች። ታላቅየዋ ግን እራቷን ሳትጨርስ ከማዕዱ ተነሣች።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገብታ ያየችውንና የእህቷን መመዝገብ ነገረቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ በትዕግስት አስረዷት፤ ማጠብ የቆየ አሠራር ነው፣ ሁሉም ያጥባል። ቀጥለው የቤቷን ጭንቀት ሥራ ቦታ ይዛ እንዳትመጣ መከሯት። ይሄን ጊዜ ደሟ ፈላ።

«ፕሮፌሰር፣ የምናጥበው ደሙን መስሎን ነበር። የምናጥበው ውጤቱን ነው።»

«እህትሽ ባትሆን እንዲህ ትይ ነበር?»

«የሌላ ሰው እህት ብትሆን ታፍነው የሚሞቱ ሕዋሳት ሆዷ ውስጥ እንጨምር?»

ፕሮፌሰሩ ተነሥተው ወደ ቤተ ሙከራው ሄዱ፤ ያልታጠቡት ዶቃዎች ያሉበት መነጽር ላይ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ ሙከራው እንዲቆም ራሳቸው ስልክ ደወሉ። ማመስገን ቀርቶ ለሳምንታት ሰላምታ ነፈጓት።

ቤት የጠበቃት ግን ከዚያ የባሰ ነው።

«ማን ለመነሽ?» አለች መርፌ። «ሰውነቱ የኔ፣ ሆዱ የኔ። ምን አገባሽ?»

«ታፍነው ይሞታሉ አልኩሽ እኮ።»

«እኔስ? ተኝቼ ስኳሬ ወርዶ አልነቃ ይሆን እያልኩ በፍርሃት ማደሬንስ በምን መነጽር አይተሽዋል?»

የታላቅየዋ ንዴት እንዳለ ነው፤ የምታሳርፍበት ቦታ ግን ጠፋት።

«ተዉ እንግዲህ፣ ቆሽቴን አታሳርሩት» አለች እናት።

«እማዬ፣ የኔ አሮ ካለቀ ቆይቷል» አለች መርፌ። «ያንቺም ካረረ ለዚህ ቤት ማን ሊተርፈን ነው?»

ሦስቱም ሳይወዱ ሳቁ፤ ግን እርቅ አልነበረም። መርፌ ከእህቷ ጋር መነጋገር አቆመች።

ታላቅየዋ ንዴቷን ወደ ዶቃዎቹ አዞረች። ካልታጠቡት መካከል ቱቦው ተደፍኖ ሳለ ተንጠልጥለው ያበጡ፣ ከልክ በላይ ትልልቅ የሆኑ ጥቂቶች ነበሩ፤ በስሕተት አይጥ ሆድ የገቡ ናቸው። እነዚያን ካባው አልነካቸውም። ለምን? ደስ የሚለው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሙሉ መልሱን እስከዛሬ አላገኘችም። ሰውነት ትንሹን ክብ ባዕድ አድርጎ ይከበዋል፣ ትልቁን ግን ችላ ይለዋል። የትልቁም ጣጣ አልቀረም፤ አየር እስከ መሐሉ ስለማይደርስ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ።

ስለዚህ አሁን የምትሞክረው ዶቃ ውስጥ ዶቃ ነው፤ መሐሉ ሕዋስ የሌለበት ሙጫ፣ በዙሪያው ስስ የሕዋሳት ንብርብር፣ ከላይ ደግሞ ስስ ቆዳ። ትልቅ ይሆናል፤ ሕዋሳቱ ግን ሁሉም ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ።

ሥራው አስቸጋሪ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች አብረው ሲንጠባጠቡ የውስጡ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በዚያ በኩል ቆዳው ይሳሳና ይቀደዳል። የቱቦውን ጫፍ ትቀይራለች፣ ፍጥነቱን ትቀንሳለች፣ ትራገማለች፣ ደግማ ትጀምራለች።

መርፌ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳትጠራ ቤተ ሙከራው መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ መነጽሩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ታጥቧል?»

«አልታጠበም።»

«ጠማማ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ታላቅየዋ፤ ቱቦውን ነቅላ ሌላ ጫፍ መግጠም ጀመረች።