ጭን ላይ የሚተኛው ጊታር

ሮዛ ሬዲዮ ስታጠፋ ማየት የለመደ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ቤታችን ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ጎን ለጎን ነው። እኔ ሉባባ ነኝ፤ ሚቱምባ፣ ያው ልባሽ ልብስ፣ እሸጣለሁ፤ ባሏ ሚሊዮን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። የጠገነውን ሲሞክር ዜና ከሆነ ዝም ትላለች። ጊታር የተሰማ እንደሆነ ግን ጓሮም ብትሆን መጥታ ታጠፋዋለች። እሱም አንድ ቀን "ተይ" ብሏት አያውቅም።

ነገሩ የቆየ ነው። ደርግ በወደቀ ጊዜ ሚሊዮን የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ጊታር ተጫዋች ነበር። በዚያ ትርምስ ወደ ኬንያ የሚሸሽ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ሲሳፈር "ዝጉት! ዝጉት!" ተባለ፤ አንዲት ልጅ የመኪናውን ስፖንዳ ብድግ አድርጋ ዘጋችው። የግራ እጁ ጣቶች መሀል ላይ ነበሩ። ቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ የስደተኞች ካምፕ ሲደርስ ተቆረጡ፤ መሀል ጣቱ እስከ ዛሬ አይታጠፍም። ጊታር ላይ ደግሞ ክሩን የሚጫነው የግራ እጅ ነው።

ያቺ ልጅ ሮዛ ናት። ካምፕ ውስጥ ቁስሉን ስታጥብለት ከረመች፤ ከዚያ ተጋቡ። "ጣቱን የበላችውን አገባ" ያሉ ምላሰኞች ነበሩ፤ ምላሳቸው ይቆረጥና! ሚሊዮን ሆድ ይፍጀው ብሎ አለፋቸው። ወላሂ፣ ቂም በሆዱ የለም። ራሷን ይቅር ያላለችው እሷ ናት። አንዴ "ሉቤ፣ እኔ እኮ ሰውየውን ገድዬ ነው ያገባሁት" አለችኝ። "ዝም በይ ወዲያ!" ብዬ ተቆጣኋት፤ ከዚያ አብሬያት አለቀስኩ።

ባለፈው ዓመት ከናይሮቢ ከገዛሁት የልብስ እስር ጋር አንድ ረጅም ሣጥን መጣብኝ። በእኛ ሥራ እንደታሰረ ይገዛል፤ ምን እንዳለበት የሚታየው ቤት ሲገባ ነው። ከፈትኩት። ጊታር ይመስላል፤ ግን ሆዱ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ጣውላ፣ አንገቱ አራት ማዕዘን፣ ክሮቹም ከጣውላው ሽቅብ የራቁ። ጎኑ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ መሰኪያ አለው። አብሮት አንድ ድቡልቡል ብረት ነበር፤ እሱን እንኳ ነፋስ ልብሴን እንዳይወስድብኝ መደቤ ላይ ጫንኩት።

ለሚሊዮን መስጠቱ ከብዶኝ ነበር። ግን ሌላ የማምነው ፉንዲ፣ ጠጋኝ ማለቴ ነው፣ ከየት ላምጣ? ሮዛ ገበያ እስክትሄድ ጠብቄ ገባሁ።

"የተበላሸ ጊታር ነው። ክሮቹን ዝቅ አድርግልኝና ልሽጠው" አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየው። ክሮቹ ያረፉበትን ብረት ሊሞርድ ሞረዱን አነሳ። ከዚያ እጁ ቆመ።

"ሉባባ፣ ይሄ አልተበላሸም።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው? አትፈላሰፍብኝ!"

"ነይ እዪ። ጊታር አንገቱ ላይ የብረት መስመሮች አሉት። እነዚህ ግን በቀለም የተሳሉ ናቸው።" አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "ዕቃው አሮጌ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ቫርኒሹ እንደ አዲስ ነው። ጣት ተጭኖት አያውቅም።"

ገለበጠው። ከጀርባው ሁለት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ተቀመጠና ጭኑ ላይ አስተኛው፤ የተላጠው ቦታ ልክ ሁለቱ ጭኖቹ ላይ አረፈ።

"ተኝቶ ነው የሚመታው" አለ በቀስታ። "ክሩን ግን በጣት ካልያዙት በምን ይይዙታል?" ቀና ብሎ አየኝ። "አብሮት የመጣ ብረት አልነበረም?"

ወይ ጉዴ! በሩጫ ሄድኩ። ልብሴን ለነፋስ ትቼ ብረቱን አመጣሁለት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘው፤ ያ አልታጠፍ ያለው መሀል ጣት ከላይ ተጋደመበት። ሌላ ጣት አላስፈለገም።

"ሉባባ፣ በዚህ እጅ ይሆናል" አለኝ።

ሽቦ ቀጣጥሎ፣ ድምፁ እንዲጎላ ከአንድ አሮጌ ቴፕ ጋር አገናኘው። ክሮቹን በትዝታ ቃኘ። ብረቱን ክሩ ላይ ሲያንሸራትተው ድምፁ ልቅሶ ቤት እንደምታንጎራጉር ሴት ወጣ። አንዴ ይስታል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይስታል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዝምታ ነው፤ እንዴት አይስት?

ሮዛ ስትገባ አላየናትም። ዘምቢሏን እንዳንጠለጠለች፣ እንደ ልማዷ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ቴፑ ሄደችና አጠፋችው።

ድምፁ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሚሊዮን አላቆመም ነበር፤ ክሮቹ ጭኑ ላይ በስሱ ይሰማሉ። ሮዛ ዞረች።

"እኔ ነኝ፣ ሮዚ" አላት።

ዘምቢሉ ከእጇ ወደቀ፤ ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ያን እጁን አየችው። የምትሸሸው እጅ ነበር፤ ሲሠራ እንኳ አታየውም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ላነሳት ስል ሚሊዮን "ተያት፣ ይውጣላት" አለኝ።

ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳች። ቴፑን ራሷ መልሳ አበራችው።

"ድገመው" አለችው።