ለወንድሜ ድምፅ ያዋሰው አታላይ

ወንድሜ ተብታባ ነው። ቃሉ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ስለ ራሱ ሲናገር የሚጠቀምበት ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ድረስ ግን ከአጥራችን ውጭ አፉ እኔ ነበርኩ። ሱቅ ስንሄድ እሱ በዓይኑ ያሳየኛል፣ እኔ እናገራለሁ። ባለሱቁ ሁልጊዜ ጥያቄውን ለእኔ ነበር የሚያቀርበው፤ ወንድሜ ከጎኔ እንደ ጠባቂ ይቆማል።

የምንኖረው ነገሌ ነው፣ ወታደሮች ቤት ከሚከራዩበት ሰፈር። አባታችን ከከምባታ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ሆኖ የሚሠራ ሰው ነበር፤ በምእመናኑ ጉባኤም ሽማግሌ ነበር። እናታችን ጉጂ ናት። ቤታችን ውስጥ በአማርኛ የተጀመረ ወሬ በኦሮምኛ ያልቃል። ወንድሜ በሁለቱም ቋንቋ እኩል ነበር የሚንተባተበው። እናቴ ይህን አይታ፣ «ቢያንስ አያዳላም» ትል ነበር።

ቤት ውስጥ እንደምንም ይናገር ነበር። ውጭ መናገር ያቆመው አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ነው። አንድ እሁድ ለልጆች ፕሮግራም ከመጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነብ ተመረጠ። የመጀመሪያው ቃል በ«መ» ይጀምራል። «መ... መ... መ...» ብሎ እዚያው ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዱ እንደ ፍየል ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። ትልልቆቹ እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ወንድሜ መጽሐፉን ዘጋ፣ ወርዶ ከእናቴ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ከቤት ውጭ ድምፁን የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከጎረቤታችን ነው። አጠገባችን አንድ ሻምበል ከነቤተሰቡ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሚስቱ ስትወልድ የራሷ እናት ጎጃም ስለነበረች ያረሰቻት እናቴ ናት። ሻምበሉ ወደ ሰሜን ሲዛወር፣ ዕቃ መኪና ላይ በሚጫንበት ጠዋት ሴትየዋ አሮጌውን ዴስክቶፕ አስይዛ ወደ እኛ ግቢ መጣች።

«ይሄ እኮ በዚያ መንገድ ተሰባብሮ ነው የሚደርሰው» አለች። «ልጆቹ ይማሩበት፣ እቴ።»

አባቴ ደስ አለው። ጽሕፈት እንማርበታለን ብሎ በተልባ እግር ጨርቅ ሸፍኖ አስቀመጠው። እኛ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ሻምበሉ ውስጡ ትቶት የሄደውን ጌም አገኘን።

ጌሙ ስለ ጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች አማልክት ነው። የሚገርመው፣ የምንመራው ጀግናውን አልነበረም፤ አታላዩን ነው። ወንድሜ በኋላ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ እንዳነበበው፣ በጥንቱ ተረት ይህ አታላይ ዓሣ ይሆናል፣ ዝንብ ይሆናል፣ አንዴም ባዝራ ሆኗል፤ አማልክቱን ከችግር ያወጣቸዋል፣ መልሶ ችግር ውስጥ ይከታቸዋል፤ በመጨረሻ ዋሻ ውስጥ ያስሩታል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ታሪኩን ከዋሻው ነው የጀመሩት። አምልጦ ይወጣል። ሰይፍ የለውም፣ ጉልበት የለውም። ያለው ምላሱ ብቻ ነው። በየበሩ አንድ ግዙፍ ዘብ ይቆማል፤ ከስክሪኑ በታች ሦስት ንግግር በእንግሊዝኛ ይመጣል። ትክክለኛውን ከመረጥክለት ያልፋል፤ ካልመረጥክለት ተይዞ ወደ ዋሻው ይመለሳል።

የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ባለመናገሩ ያተረፈው ነገር ማንበብ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጬ ልቡን አወልቅ ነበር።

«ምን አለው? ምን አለው? ንገረኝ እንጂ!»

መጀመሪያ በእጁ ዝም በይ አለኝ። ስነዘንዘው ጊዜ ተናዶ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ በአፍንጫው በሚወጣ፣ እንደ ከብት ደላላ በሚያባብል ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ብታስገባኝ ምን ታጣለህ? ባታስገባኝ የምታጣውን ግን ቁጭ ብለን እናውራው።»

አንድ ቃል አልተያዘበትም። ዞሬ አየሁት። እሱ እጆቹን ያያል። ብጮህ፣ ባጨበጭብ ነገሩ የሚጠፋ መሰለኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ፣ «ከዚያስ ዘቡ ምን አለ?» አልኩት። የዘቡንም በወፍራም ድምፅ ተናገረ። አሁንም አልተያዘም።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት እየሮጥን ነበር የምንመለሰው። መብራት ሲጠፋ ጌሙ ይቆማል፣ አታላዩ ግን አይቆምም፤ ወንድሜ ከራሱ እየፈጠረ ይቀጥላል። አታላዩ የኛን ሰፈር ቀበሌ ይገባል፣ ጸሐፊውን አታልሎ ማህተም ያስመታል፤ አሬሮ ገበያ ይወርዳል፣ የሌላ ሰው ግመል ለባለቤቱ መልሶ ይሸጣል። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። እናቴ አንድ ቀን ደርሳ ከበሩ ላይ ቆማ ሰማች። እርሷም እንደኔ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና የተሸከመችውን እንጨት አስቀምጣ ተቀመጠችና ታሪኩን ጠየቀች። ዋሻው ውስጥ እባብ ከላይ መርዝ እንደሚያንጠባጥብበት፣ ሚስቱ ጠብታውን በሳህን እንደምትቀበልለት ወንድሜ ነገራት።

«ሚስቱ ግን እጇ አይዝልም?» አለች እናቴ። ስለ ሌላው ነገር አንድም ጥያቄ አልነበራትም።

አባቴ ያወቀው በምሳ ሰዓት ነው። ረስቶት የሄደውን መነጽር ሊወስድ ከክሊኒክ መጣ። በመስኮት የማያውቀው ወንድ ድምፅ ሰማ፤ ቤቱ እንግዳ ያለ መሰለው። በበርሜሉ ውኃ እጁን ሲታጠብ፣ ሸሚዙን ሲያስተካክል በመስኮቱ አየነው፤ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ግን ጊዜ አላገኘንም። ሰላምታውን አዘጋጅቶ ገባና ዙሪያውን አየ።

«እንግዳው የት ሄደ?»

«የምን እንግዳ?» አልኩ።

«ሲናገር የነበረው ሰውዬ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። «እሱ ነው» አልኩ ወንድሜን እያሳየሁ።

አባቴ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ወንድሜ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ «አ... አ... አባ...» ብሎ አንገቱ ተገታተረ። ጠጋ ብዬ በጆሮው፣ «ዘቡ ፊት ነህ» አልኩት። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ፣ ትንፋሽ ወሰደ።

«ጌታዬ፣ የምትፈልገው ሰው አሁን በጓሮ ወጣ። ከፈጠንክ ትደርስበታለህ።»

አባቴ እውነት ነው ብሎ ወደ ጓሮው በር ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰና ልጁን አየው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለ፣ ስክሪኑን እያየ።

«አምላክ ነው» አልኩ። በሕይወቴ ከዚያ የከፋ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«የምን አምላክ?»

«የ... የውሸት።»

ተነሣ። ገመዱን ከዲቫይደሩ ነቀለ፣ ጠቀለለ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አልጮኸም። «በዚህ ቤት የሚመለከው አንድ ነው» ብሎ መነጽሩን ሳይወስድ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥም ዝም አለ። ሰሃን ሲሰጡት በአንገቱ ያመሰግናል። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ። አባቴ እየበላ ቀና ይልና ያየዋል፤ መልሶ ያቀረቅራል። የኋላ ኋላ እንደነገረኝ፣ ጆሮው ውስጥ የቀረው ያ የደላላ ድምፅ ነበር። የልጁን ድምፅ እንግዳ ብሎ ሊቀበለው ሸሚዙን ማስተካከሉን መርሳት አልቻለም።

እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ያለባቸው አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ፤ ለክሊኒኩ ሲመሽባቸው አባቴ እኛ ቤት ያጥብላቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። «አካም፣ ናጋ?» ብለው ወንድሜን በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቁት። ወንድሜ አጎንብሶ እጃቸውን ያዘ እንጂ አልመለሰም።

«ምላሱን ማን ወሰደው?» አሉ።

አባቴ ፋሻውን እየፈታ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ አታላዩ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቆለፈበት ገመድ። ሽማግሌው በሳቅ እግራቸውን አንቀሳቀሱበት።

«ይኼማ ጥንቸል ናት!» አሉ። «እኛ ዘንድ ዝሆኑን የምታታልል፣ አንበሳውን ጉድጓድ የምትከት ጥንቸል ናት። እኔ ከአያቴ ሰምቻለሁ፣ ልጆቼም ከእኔ ሰምተዋል። ለጥንቸል የሰገደ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እርስዎ ያሉት ተረት ነው፣ አባባ። ይሄኛው ግን አምላክ ተብሏል።»

«የሱ አገር ሰዎች ይበሉት። አንተ ቤት ሲመጣ ምን ሆነ? ልጅህን ስገድልኝ አለው ወይስ አንደበቱን ፈታለት?»

አባቴ ቁስሉን አጠበ፣ አሰረ፣ እስከ በር ሸኛቸው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ መጣ። የፍየል ቆዳ እጁ ላይ አስሮ ዕውር አባቱን ያታለለውን፣ የወንድሙን ምርቃት የወሰደውን ልጅ ታሪክ ገለጠ። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው። ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ ለወንድሜ እንዲህ አለው፦

«ይሄም አታላይ ነበር። እግዚአብሔር ግን አልጣለውም፤ ከነውሸቱ ይዞት ሄደ፣ በኋላ አስተካከለው። እኔ ሌሊቱን ሳስብ የነበረው ይህንን ነው። ያ ዕውር አባት የልጁን ድምፅ ተጠራጥሮ እጁን አመነ። እኔ ደግሞ ድምፅህን ሰምቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ይቅር በለኝ።»

አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በዚያ ሰፈር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ብርጭቆ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። አባቴ ከኪሱ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ «ይህን ታሪክ ግን በዚያ ድምፅ አንብብልኝ» አለ።

ወንድሜ አነበበ። ልጁ ሲናገር እንደ አታላዩ አደረገው፣ ዕውሩ አባት ሲናገር በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ማንም የማይናገርበት፣ ታሪኩ ብቻ የሚተረክበት ቦታ ሲደርስ ግን ተያዘ። አባቴ አላገዘውም፣ አላቻኮለውም። ክሊኒክ ያን ቀን አርፍዶ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ራሱ በወረቀት ጽፎ ለጉባኤው መሪ ጥያቄ አቀረበ፤ ያንኑ ታሪክ ማንበብ ይፈልጋል። እኔ እፈራ ነበር። እናቴ ጭራሽ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ወጣ፣ አነበበ። የአታላዩ ንግግር ላይ ሰዉ ሳቀ፤ ያን ጊዜ እንደሳቁት አልነበረም። አራት ቦታ ተያዘ፤ አንዱ ላይ ረጅም ጊዜ። እንደ ፍየል የጮኸው ልጅ አድጎ መዘምራን ውስጥ ነበር፤ ጫማውን ያይ ነበር። መጨረሻው ላይ «አ... አ...» ሲል አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ «አሜን» አለለት። ወንድሜ ራሱ ሳቀ።

ኮምፒውተሩ በዚያው ዓመት መብራት ከፍና ዝቅ ሲል ተቃጠለ። ጌሙን እስከ መጨረሻው ሳንጫወተው ቀረን። ወንድሜ የመምህራን ኮሌጅ ገባ፤ አሁን አሬሮ ያስተምራል። መንተባተቡ አልጠፋም። ስልክ ላይ ይይዘዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የራሱን ስም ሲናገር ይይዘዋል። አዲስ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ስሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና፣ «እኔ ተ... ተብታባ ነኝ፤ ታገሡኝ፣ እናንተንም እታገሣለሁ» ይላቸዋል። ተረት ሲነግራቸው ግን ከሌላ ክፍል ተማሪ መጥቶ መስኮት ላይ እንደሚቆም አይቻለሁ።

አባታችን ያረፈው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። በቀብሩ ላይ ከቤተሰብ ማን ይናገር ሲባል ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ ልማድ ነው። ወንድሜ ግን ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ መለሰኝና ራሱ ቀረበ። የአታላዩን ድምፅ ይዋሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተዋሰም። በራሱ ድምፅ፣ አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ የብዙ ሰው ቁስል ስላጠበ አባት፣ ልጁን ይቅርታ ስለጠየቀ አባት። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አንዳንዱ ቃል እስኪወጣ አንድ ሙሉ መዝሙር ሊዘመር ይችል ነበር። ከጉባኤው ሰው፣ ከጦር ካምፑ ወታደሮች፣ ከቦሬ ከመጡት የእናቴ ዘመዶች፣ አባቴ ካከማቸው ቦረናዎች አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም፤ ቃሉን ቀድሞ የጨረሰለትም የለም።

ለዚያ ሕዝብ እስካሁን ምስጋናዬን አልጨረስኩም። ከመቃብር ስንመለስ ወንድሜ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ፤ የሚመጣውን ሁሉ «ናጋ?» እያለ አንድ በአንድ ተቀበለ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትቼ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ንፍሮ በላሁ።