የድሮዋ አትጠገብ

አትጠገብን ድሮ የሚያውቃት የጅግጅጋ ሰው ወሬዋን የሚጀምረው በሳቅ ነው። ጨርቅ ተራ፣ ሱቋ ደጃፍ ላይ ጣቃ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ግማሹን በሶማሊኛ ግማሹን በአማርኛ ስትጣራ፣ ሊገዛ ያላሰበው ሁሉ ገዝቶ ይሄድ ነበር። የወታደር የልጅ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ ሶማሊኛዋ ከአማርኛዋ አይተናነስም። በገበያ ቀን ደምበል ስትሄድ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ እየሳቀ ይደርሳል። አንድ ጊዜማ ኤረር ላይ የማታውቀው ሰው ሰርግ ውስጥ ገብታ፣ የያዘችውን ምርጥ ጨርቅ ለሙሽራዋ አልብሳ ስትጨፍር ዋለች። ኤረሮች እስከ ዛሬ ያወሩታል። አይ ጊዜ!

የአዲጋላውን ጉዞ ግን ማንም አያነሳባትም። በ2011 ዓ.ም. እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶባት ሰነበተችና ጣቃዎቿን ጭና ወደዚያ ሄደች፤ ከአሮጌው ጣቢያ ባቡር ተሳፍራ ጅቡቲ ልትገባ። ባቡሩ እኮ በዚያ ሐዲድ ማለፍ ከተወ ስንት ዘመኑ! ሰዎቹ ቢነግሯት፣ "ለእኔ ይመጣል" አለች። ጫማዋን የት እንደጣለችው አይታወቅም። የአዲጋላ ሴቶች፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ወንድሟ ባስልዮስ እስኪደርስ ቤታቸው አስገብተው ጠበቋት። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ወራት ተኛች። ባስልዮስ አዲስ አበባ ወሰዳትና ሐኪም አየቻት። ሰውን አንዴ ሰማይ የሚያወጣ፣ አንዴ መሬት የሚያስገባው ሕመም ባይፖላር እንደሚባል የሰማችው ያኔ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ሶሲና ትባላለች። በኮሮና ጊዜ መንገዱ ሲዘጋጋ ሕክምናው በስልክ ሆነ፤ በዚያው ቀረ። አትጠገብ የታዘዘላትን ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ መጠኑ እንዲታወቅ ደሟን እዚሁ ትመረመርና ውጤቱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች። ኔትወርኩ ካልጨከነባቸው ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሱቁ ጓሮ ተቀምጣ በቪዲዮ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ላይ ወሬያቸው አልገፋ ብሎ ነበር።

"እንዴት ሰነበትሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

እኛ አገር ሰው እየሞተም ደህና ነኝ ነው የሚለው። ዶክተሯ ሲመራት ጊዜ፣ "ደህና የሚለውን ቃል ከልክዬሻለሁ! ምን በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ከማን ጋር ተኳረፍሽ? እሱን ንገሪኝ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ተግባቡ።

እንዲህ እያለች ዓመታት ገፋች። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ትሠራለች። ግን ደንበኛው ሁሉ፣ "ምነው አትጠገብ፣ ቀዘቀዝሽ እኮ! ምን ነካሽ?" ማለቱን አልተወም። እሷም ትናፍቃለች። ሰው ሕመሙን ይናፍቃል ወይ? ይናፍቃል እንጂ! ገና ሳይነጋ ዘላ የምትነሳበትን፣ የደምበል መንገድ አቧራው ሳይቀር የሚያምርበትን፣ አፏን ስትከፍት ሳቅ የሚፈነዳበትን ጊዜ እንዴት አትናፍቅ? አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ገበያው ጭር ሲል ያን ጊዜ እያሰበች እንባዋ ይመጣል።

አምና፣ የጎን ሱቅ ባለቤት የሆነችው ጓደኛዋ ቢሻሮ ደስ ብሏት መጣች። ልጇ ፋርቱን ልታገባ ነው።

"አባዮ፣" አለቻት፤ ሶማሊዎች እህቴ ሲሉ ነው። "በሰርጉ ቀን አጠገቤ የድሮዋ ትሁንልኝ። ሌላ አልፈልግም።"

አትጠገብ ስቃ "እሺ" አለች። ለካ ቢሻሮም የምትናፍቀው ያቺኛዋን ነው! አሁን ያለችው አትበቃም ማለት ነው። በዚያው ቀን ኪኒኗን መዋጥ አቆመች። ለሰርጉ ብቻ፣ ከዚያ እመለሳለሁ ብላ።

ሲውል ሲያድር የድሮው ስሜት መጣላት። እንቅልፏ ቀነሰ፣ ምላሷ ተፈታ፣ ሱቋ በሰው ተሞላ። "አትጠገብ ተመለሰች!" አለ ጨርቅ ተራ። ማክሰኞ ዶክተር ሶሲና ደወለች።

"ኪኒንሽን እየወሰድሽ ነው?"

"በደንብ! ምን ሆኜ አልወስድም? ሰርግ አለብኝ፣ ዲሪያ ቀሚሱ አለ፣ ሻሹ አለ፣ ጊዜ የለኝም፣ ደግሞ..."

"አትጠገብ፣ በጣም እየፈጠንሽ ነው።"

"ኔትወርኩ ነው!"

"ኔትወርክ ድምፅ ይቆርጣል እንጂ ሰው አያስለፈልፍም" አለች ዶክተሯ። አትጠገብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ቢሻሮ ከጎን ሆና ሰምታ ኖሮ ገባች። "ኪኒኑን ተውሽው?"

"ላንቺ ብዬ ነዋ! የድሮዋን እፈልጋለሁ አላልሽም?"

ቢሻሮ ግራ ገብቷት ቆመች። "የድሮዋን... ጓደኛዬን ማለቴ እኮ ነው! የባሌ እህቶች አጠገብሽ እንቀመጥ ብለው አስጨነቁኝ። እኔ ደግሞ የድሮዋ ጓደኛዬ ናት የምትቀመጠው አልኩ። ምን አጠፋሁ?"

"ኤረር ላይ ሰው ሁሉ ሲስቅልኝ እኮ..."

"እኔ አልሳቅኩም። ዋላሂ! ቀሚስሽን ከኋላ ይዤ ነው የዋልኩት። ከለቀቅኩሽ የምትጠፊ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።"

አትጠገብ ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ጭፈራውን ታስታውሳለች፤ ጨርቁንና የሙሽራዋን ፊትም ታስታውሳለች።

"ኤረር አብረሽኝ ነበርሽ እንዴ?" አለች።

"ነበርኩ እኮ!"

እዚያው ቁጭ አለች። ያን ቀን ስንት ዓመት ሙሉ ስትናፍቀው ኖራ፣ ቢሻሮ ግን በትዝታዋ ውስጥ አልነበረችም። ስልኩን አንስታ ራሷ ደወለች። "ዶክተር፣ ዋሽቼሻለሁ። ኪኒኑን ትቼዋለሁ። ደህና አይደለሁም" አለች። ዶክተር ሶሲናም አልተቆጣችም። ያመለጠሽን ኪኒን ደርበሽ አታካክሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ወትሮው ዋጪ፣ ደምሽን ተመርመሪና ላኪልኝ፣ እስክትረጋጊ በየቀኑ እንነጋገራለን አለቻት። ቢሻሮም አብራት ልታድር ቃል ገባች።

ሰርጉ ሲደርስ እንቅልፏም ምላሷም ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። አትጠገብ ቢሻሮ አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። አጨበጨበች፣ በላች፣ አንድ ሁለቴም ተነስታ ጨፈረች። "አትጠገብ አረጀች" ሲሉ ሰምታ ቅር አላት። ሙሽራዋ ለመሄድ ስትነሳ እልልታው ቀለጠ፤ አትጠገብም እልል ልትል ስትል ዞር አለች። ቢሻሮ እያለቀሰች ነበር። ድምፅ አታሰማም፣ ፊቷም አይለወጥም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። አትጠገብ ጓደኛዋ ስታለቅስ እንዲህ መሆኗን አታውቅም ነበር። ስንት ሰርግና ስንት ለቅሶ አብረው ውለው፣ አንድ ቀን ዞር ብላ አይታት አታውቅም።

ሶፍት አውጥታ ሰጠቻት።