ሰማያዊ ቀለም የቀባኋት ጭላዳ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የዱር እንስሳት ማቆያ ሄጄ በነጻ ላገልግል አልኩ። ኃላፊዋ ዶክተር ሰላማዊት በዕድሜ ልጄ ብትሆን ትደርሳለች፤ አለቃዬ ናትና ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ።

«ምን ምን ይችላሉ?» አለችኝ።

«ሠላሳ ዓመት ወገራ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ከትቤአለሁ፣ አዋልጃለሁ፣ አኮላሽቻለሁ።»

«ጋሼ፣ እዚህ መጀመሪያ የሚለመደው መጥረጊያ ነው» አለችና አረንጓዴ ጋውንና አካፋ አስያዘችኝ።

ቅር አለኝ፤ ግን ጠረግኩ። ያኔ የነበሩን ሁለት ጦጣዎች፣ ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳና አንድ ዓይኑ የጠፋ ጅብ ናቸው። ሥራው ቅደም ተከተል አለው። እንስሳው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፣ መቀርቀሪያው ይዘጋል፣ ሁለት ጊዜ ይነቀነቃል፤ ከዚያ ኩሱ በአካፋ ይነሣል፣ ወለሉ በበረኪና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። መቀርቀሪያውን ሳልነቀንቅ ገብቼ አላውቅም። በዚህ ብቻ እንኳን ልኩራ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከኮሶዬ አያ ቢያድጌ ደወሉልኝ። በሥራ ዘመኔ በሬዎቻቸውን አክም የነበርኩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ገበሬ ናቸው።

«ሐኪም፣ ያች ቃጭል ያሰርንባት ጭላዳ ከማሳዬ አልወጣ አለች። አንገቷ ሸቷል። ኑና ውሰዷት» አሉኝ።

ለማያውቅ ልንገር። ጭላዳ ዝንጀሮ ገብስ ስታጠፋ አንዳንድ ገበሬ ከመንጋው አንዷን በወጥመድ ይይዝና አንገቷ ላይ ቃጭል አስሮ ይለቃታል። እሷ ወደ ወገኖቿ ትሮጣለች፤ እነሱ ድምፁን ሲሰሙ ይሸሻሉ። በተከተለቻቸው ቁጥር እየራቁ መንጋው አካባቢውን ይለቃል። ጥይት አይተኮስ፣ ደም አይፈስ። ልጅ ሆኜ ይህን አይቼ በሳቅ ፈርሻለሁ።

ከዶክተር ጋር ኮሶዬ ስንደርስ ጭላዳዋ እርከኑ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። መረብ ጣልንባት፣ ዶክተር ማደንዘዣ ወጋቻት። ቃጭሉ የታሰረበት ሽቦ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበርና በፒንሳ ቆርጬ አወጣሁት።

አያ ቢያድጌ ፊታችንን ሲያዩ «ምነው እንዲህ ታዩኛላችሁ? ልጆቼ የሚበሉት ይኸን ገብስ ነው» አሉ።

ማቆያው ውስጥ ሰው ሲገባ ጀርባዋን ስለምትሰጥ እሜቴ አልናት። ሙዝ ሰጠናት፣ ካሮት ሰጠናት፤ አልነካ አለች። ጭላዳ ሣር በሊታ ናት። እኔም ማጭድ ይዤ ሠፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና መሪጌታን ከግቢው ሣር እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው።

«ለማን ነው?»

«ለሕመምተኛ።»

«ማን ታመመ ደግሞ?»

«ጭላዳ።»

ሳቁ። «እሷም ፍጥረት ናት፤ ዕጨድ» አሉኝ።

የዚያን ቀን በላች። ቁጢጥ ብላ፣ ሣሩን በሁለት እጇ እየለቀመች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ በላች። እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ከብት ሳክም አልቅሼ አላውቅም።

ቁስሏን በየሁለት ቀኑ አጠብኩ፤ ደረቀ። ግን ጭላዳ ብቻዋን አትኖርም። ቀን ሣር ላይ አብረው ይውላሉ፣ ሲመሽ ገደል ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። እሜቴ ወይ መንጋዋን ታገኛለች፣ ወይ ዕድሜዋን በሙሉ ከሽቦ አጥር ጀርባ ትጨርሳለች። እኔ መንጋዋን እንድታገኝ ቆረጥኩ።

ወደ ኮሶዬ የሚወስደው የደባርቅ መንገድ ለሳምንታት ተዘግቶ ከርሞ አንድ ረቡዕ ተከፈተ ተባለ።

«የአንገቷ ፀጉር እስኪበቅል ብንቆይ» አለች ዶክተር።

«መንገዱ ነገ ይዘጋ ይሆናል። ዛሬ እንውሰዳት» አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ የምለቅመውም አላገኘሁም።

ሣጥኑ ውስጥ ከማስገባታችን በፊት ጀርባዋንና ሁለት ትከሻዋን ሰማያዊ ቀለም ቀባኋት። ከብት ስንከትብ የተከተበውን ካልተከተበው የምንለየው እንዲህ ነበር፤ ቀለም ያልነካው ከብት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይኼ ያስፈልጋል?»

«ከሩቅ በመነጽር እንድንለያት ነው።»

«እንግዲህ ልምዱ የእርስዎ ነው» አለችና የመልቀቂያ ወረቀቱን ፈረመች። ያች ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ኮሶዬ ስንደርስ መንጋው ከገደሉ አፍ ሜዳው ላይ ሣር ይለቅማል። ማኪናውን ራቅ አድርገን አቆምንና ሣጥኑን ከፈትኩ። እሜቴ ወጥታ ቆመች፤ እኛ ዘንድ አሰምታው የማታውቀውን ድምፅ አሰማች። ከዚያ ሮጠች።

አውራው ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየ፣ ጮኸ፤ መንጋው ግልብጥ ብሎ ወደ ገደሉ ወረደ። ተከተለቻቸው። ትንሽ ቆይተው ወዲያ ማዶ ብቅ አሉ፤ ደግሞ ሄደችባቸው፣ ደግሞ ሸሹ። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በአራተኛው ሜዳው መሀል ቁጭ አለች።

አያ ቢያድጌ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላችን ቆመው ያያሉ።

«እኛ ቃጭል አሰርን፣ እናንተ ቀለም ቀባችሁ። ምኑ ተለየ?» አሉ።

እየቀለዱብኝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

ጀንበር እስክታዘቀዝቅ መረብ ይዘን ተሯሯጥን። መረብ ምን እንደሆነ አውቃዋለች፤ አላስጠጋን አለች። ሳይመሽ ከተማ መግባት ነበረብን። አያ ቢያድጌን «አደራ» አልኳቸው። «ውሻዬን አስራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምችለው የለም» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ።

«ገደሉን ትታ ከማሳዬ ዳር ካለው ጥድ ሥር ነው ስታድር የነበረ። ጅብ አገኛት። ሰማያዊው ቆዳ ብቻ ነው የቀረ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ።

«ሐኪም፣ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። ለሰው ሐዘን የሚባለውን።

ዶክተር ቢሮ ገብቼ «ገደልኳት» አልኩ። «ሁለታችንም ነን፤ እኔም ፈርሜአለሁ» አለች። እኔን ለማጽናናት ብላ ነው፤ አላጽናናኝም። በማግሥቱ የጅቡን ክፍል አጠብኩ። ቂም አልያዝኩበትም፤ እሱ ያደረገው ነገር የለም።

መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች እንስሳት መጥተውልናል፤ አንዱም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ይመለሳሉ ብዬ መጠበቅም ትቻለሁ። የምሄደው ማጠብ ስላለብኝ ነው።

አዲስ በጎ ፈቃደኞች ምክር ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ የሚለቀቅ እንስሳ ላይ ምንም ምልክት አታድርጉ። ጭላዳዋን እኛ ባንለያት የሚጎድልብን አልነበረም። ሊያውቋት የሚገባቸው ወገኖቿ ነበሩ።