አጥንት ቆጠራ

አባቴ ራጅ አንሺ ነበር። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ አስመራ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ጨለማ ክፍል ሲሠራ ኖረ። ሕፃን ልጅ ሲመጣ አልረጋ ይላል፤ ስለዚህ አባቴ እናትየዋን ውጭ ያስቀምጥና፣ ባልደረባው ራጁን ሲያነሳ ልጁን በባዶ እጁ ይይዘው ነበር። ጨረሩ በልጁ ላይ አንድ ቀን ያልፋል፤ በአባቴ ጣቶች ግን በየቀኑ።

እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ በያዝኩበት ጊዜ ጥፍሮቹ ተሰነጣጥቀው፣ ቆዳው ደርቆ፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ፍል ውሃ ላከው። የሆስፒታሉ ሐኪም ግን የአባቴን የራሱን እጅ ራጅ አስነሥቶ፣ የጣቶቹ ጫፍ አጥንት መበላቱን አሳየው። ለዓመታት የተጠራቀመ ጨረር ነው አለው።

ጎረቤቶቻችን ያዩት እጁን እንጂ ራጁን አይደለም። በሰፈራችን በዓኽርያ እንዲህ ያለ እጅ ስሙ አንድ ነው፦ ቁምጥና። ቁምጥናም ቢሆን በዘር አይወርድም፤ ግን ማን ይሰማል? ከሩቅ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱታል። ለተመልካች አክብሮት ይመስላል፤ እውነቱ ግን እጃቸውን መንፈጋቸው ነበር። አባቴ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ተወው። ዝም አይነቅዝም፤ አጥንት ግን ነቅዟል።

እንዲህ እያለን፣ ኮምቢሽታቶ በሚባለው ዋና ጎዳና አንድ ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ የምወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። ለጋብቻ አጥንት ይቆጠራል፤ የዘር ሐረግ እስከ ቅድመ አያት ይጠየቃል። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

«ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ይህ እጅዎ ከአባት የመጣ ነው?» አለ።

«ኣይፋል፣ አይደለም» አለ አባቴ። «አባቴ በደህና እጁ ሲያርስ ነው የሞተው። አጥንት ልትቆጥሩ ከመጣችሁ ግን ይኸው።» ራጁን አምጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። «ዘር አይደለም፤ ጨረር ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዩ። «ሓቂ» አሉ፤ እውነት ነው። ሲወጡ ግን ሁሉም ከደጃፉ ከሩቅ እጅ ነስተው ሄዱ። ደሜ ፈላ። ልጁም እንደነሱ ካደረገ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል ብዬ ቆረጥኩ። ብወደውም።

ልጁ እሑድ ሊጠይቀን መጣ። አባቴ እንደለመደው እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ። ልጁ እጁን እንደዘረጋ ቆመ፤ አላጠፈም። አባቴ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። ልጁም እንደ ማንኛውም ሰው እጅ አጥብቆ ጨበጠው። አባቴ ፊቱን ቋጠረ፤ እጁን ግን አልሳበም።

ማታ ያበጠ እጁን ለብ ባለ ውሃ እየነከርኩለት «ኣቦይ፣ አመመህ?» አልኩት።

«በጣም» አለኝ። «ለልጁ ግን እንዳትነግሪው። ከነገርሽው ሌላ ቀን ቀስ ብሎ ይጨብጠኛል።»